በዱመርሶ መንገድ የቡና መኪና ለሚይዝ ወጣት ሾፌር

ልጄ፣ ዘንድሮ የቡና ለቀማው ሲጀመር መሪ ይዘህ በጌዴኦ ምድር ወዳለችው ዱመርሶ እንደምትወጣ ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። ሥራው ክቡር ነው፤ አንድ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ የጠበቀው ቡና ከማሳ ወደ መፈልፈያ፣ ከመፈልፈያ ወደ ዲላ፣ ከዲላም ወደ አዲስ አበባ የሚደርሰው በአንተና በብጤዎችህ እጅ ነው። ግን የተረከብካት አይሱዙ አሮጌ ናት፤ መንገዱም ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት ነው። መንገድ ላይ መቆምህ አይቀርም፤ በሽቦና በላስቲክ ጠግነህ መቀጠልህም አይቀርም። ዕድሜዬን በዚህ መስመር ላይ ስለፈጀሁ የምነግርህን ስማኝ። ምክሬ ቢበዛም ፍሬ ነገሩ አንድ ነው፦ መንገድ ላይ የሚሠራ ጥገና ብድር ነው። በሚቀጥለው ከተማ ካልከፈልከው ይወልዳል፤ ወለዱንም የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ምንም የማያውቀው ተሳፋሪ ነው።

1. ብልሽት አያሳፍርህ

መኪና ገና ከጥንቱ አገራችን የገባው በመከራ ነው። እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ በ1900 ዓ.ም. መኪናውን ከባሕር ጠረፍ አንስቶ አዲስ አበባ፣ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘንድ ያደረሰው ለመኪና የተሠራ መንገድ በሌለበት አገር በረሃውንና ተራራውን አቋርጦ ነው። ዛሬ ከአዲስ አበባ ዲላ፣ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አስፋልት ነው። የዛሬው ችግር የመኪኖቻችን እርጅና ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ያለችውን መኪና እየጠገኑ ማኖር የብዙ ባለ መኪና ዕጣ ሆኗል። ስለዚህ መኪናህ ቆማ አላፊ አግዳሚው ቢያይህ አንገትህን አትድፋ። ሾፌርን የሚያስነውረው ብልሽቱን መደበቁ ነው።

2. የምትነዳበትን አገር እወቅ

ዲላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ናት፤ ይርጋጨፌ ደግሞ ወደ 1,900 ትጠጋለች። ከዲላ በወናጎ አድርገህ ወደ ይርጋጨፌ ስትወጣ ሞተሩ እየደከመ፣ ውሃውም ቶሎ ለመፍላት እየተዘጋጀ ነው። ባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ እዚህ ከፍታ ላይ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ሥራው ውሃውን በግፊት ይዞ መፍላቱን ማዘግየት ነው። ክዳኑ ጠፍቶ በጨርቅና በላስቲክ የተወተፈ ራዲያተር ስንት አየሁ! ሾፌሩ ቀዳዳ የደፈነ ይመስለዋል፤ ግፊቱ ግን ሸሽቷል፣ ዳገቱ መሐል ላይ ሲደርስ እንፋሎቱ ይነሳል። ክዳን ርካሽ ነው፤ ግዛው።

ሌላም ነገር ልብ በል። የቡና መፈልፈያ ጣቢያ ብዙ ውሃ ይፈልጋል፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚተከለው ወደ ወንዝ ወረድ ብሎ ነው። ከላይ ካለው ማሳ እሸት ቡና ጭነህ ስትነሳ የሚጠብቅህ ቁልቁለት ነው ማለት ነው። ባዶዋን ወጥታ ጭና የምትወርድ መኪና ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልጋት ፍሬን ነው። በዝናብ ቀን መጋቢው መንገድ ቀይ ጭቃ ይሆናል፤ ጎማው መሬቱን ሳይጨብጥ የሚንሸራተትበት ቦታ አለ። በዚያ ቀን በእግርህ ወርደህ መንገዱን አይተህ ተመለስና ንዳ።

3. ከመነሳትህ በፊት ዙራት

ጎህ ሲቀድ፣ ሞተሩ ገና ሳይነሳ፣ የራዲያተሩን ውሃ፣ የሞተሩን ዘይትና የፍሬኑን ዘይት እይ። መኪናዋ ካደረችበት ቦታ ሥር አጎንብስ፤ መሬት ላይ የወደቀው ጠብታ ምን እንደሆነ በጣትህ ነክተህ ለይ። ቺንጊያው ተሰንጥቆ እንደሆነ ገልብጠህ የውስጥ ፊቱን እይ። የጎማ ዳዶዎችን በመፍቻ ሞክራቸው፤ በዳዶው ዙሪያ የዝገት ጭረት ካየህ መላላት ጀምሯል። ከኋላ ባሉት ጥንድ ጎማዎች መሐል ድንጋይ ተሰክቶ እንደሆነ ፈትሽ፤ ያ ድንጋይ ሁለቱንም ጎማ ይበላል፣ ሲፈናጠር ደግሞ ሰው ይመታል።

ከመቀመጫህ ሥር የማይለዩህ ነገሮች ይኑሩ፦ ክሪክ፣ ክሪኩ በጭቃ እንዳይሰምጥ የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ፣ ሁለት የእንጨት ታኮ፣ የጎማ መፍቻ፣ ትርፍ ቺንጊያ፣ የናፍጣ ፊልትሮ፣ ፊውዝ፣ ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት፣ ቀጭን ሽቦ፣ በቁመቱ የተቀደደ አሮጌ ካላማዳሪያ፣ አንድ ደረቅ የልብስ ሳሙና፣ የእጅ ባትሪ፣ የሚያንጸባርቅ ሦስት ማዕዘን ምልክትና ንጹሕ ውሃ የሞላ ጀሪካን። ጀሪካኑ ውስጥ ሌላ ነገር አትጨምር፤ ነዳጅ የተቀዳበት ጀሪካን ለውሃ አይሆንም።

4. ስትቆም ከሞተሩ በፊት ሰውን አስብ

መኪናዋ ቀጥ ስትል የብዙ ሾፌር እጅ ቶሎ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። አንተ እንዲህ አታድርግ። በመጀመሪያ ከመንገዱ ዳር አውጣት፤ ረዳትህ ጎማው ሥር ታኮ ያግባ፤ ቁልቁለት ከሆነ ከፊት፣ ዳገት ከሆነ ከኋላ። ቀጥሎ የተሳፈረውን ሰው ሁሉ አውርድ፤ ከጭነት ላይ የተቀመጠ ካለ እሱን አስቀድም። የወረዱትን ከመኪናዋ ፊትና ኋላ አታቁማቸው፤ ወደ ማሳው በኩል ራቅ ይበሉ።

ከዚያ ምልክት አድርግ። በአገራችን ቅጠል ጎንጉኖ አስፋልት ላይ ማኖር፣ ድንጋይ መደርደር የቆየ ልማድ ነው፤ ቀን ይጠቅማል። ሌሊት ግን ቅጠል አይታይም፤ የሚያንጸባርቀውን ምልክት አውጣ፣ ከኩርባ ጀርባ ከቆምክ ደግሞ ኩርባውን አሳልፈህ አስቀምጠው። አንድ ነገር አጥብቄ አደራ እልሃለሁ፦ መኪናህ ተነስታ ስትሄድ የደረደርከውን ድንጋይ አንሳ። አንተን ያዳነው ድንጋይ ከአንተ በኋላ በጨለማ የሚመጣውን ሞተረኛ ይገድላል። ድንጋዩን ጥሎ የሚሄድ ሾፌር ጥገናውን አልጨረሰም።

5. የሚጠገነውን በሥርዓት ጠግን

ዳገት ላይ በብዛት የሚገጥምህ የራዲያተሩ የላስቲክ ቱቦ መቀደድ ነው። እንፋሎት ስታይ ሞተሩን አጥፋ፤ ክዳኑን ግን አትንካ። ትኩስ ራዲያተር የከፈተ ሰው ፊቱን ይላጣል። ቱቦውን በእጅህ መያዝ እስክትችል ጠብቅ። ከዚያ ክዳኑን ወፍራም ጨርቅ ጣል አድርገህበት ቀስ ብለህ አላላው።

አሁን ካላማዳሪያውን አውጣ። ሁለት ጣት ስፋት ያለው ረጅም ቁራጭ ቅደድ። ቱቦውን ከዘይትና ከአቧራ አጽድተህ አድርቀው፤ እርጥብ ከሆነ ላስቲኩ ይንሸራተታል። መጠቅለል የምትጀምረው ከቀዳዳው አንድ ስንዝር ቀደም ብለህ ነው። ላስቲኩን እስኪሳሳ ድረስ እየጎተትክ ጠቅልል፤ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ዙር ግማሽ ይሸፍን። ቀዳዳውን አልፈህ ሌላ ስንዝር ከሄድክ በኋላ ተመልሰህ በላዩ ድገመው። ጫፍና ጫፉን በቀጭን ሽቦ እሰር፤ ሽቦው ላስቲኩን እንዳይቆርጠው ጠምዝዝ እንጂ አታንቀው። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ በአንድ ጊዜ አትገልብጥ፤ ቴስታታው ሊሰነጠቅ ይችላል። ሞተሩ ሲበርድ አስነሳና ትንሽ በትንሽ ጨምር። እንዲህ የተጠቀለለ ቱቦ በዝግታ ከተነዳ ይርጋጨፌ ወይም ዲላ ያደርስሃል። ከዚያ በላይ አትጠብቅበት።

6. ናፍጣ ሲያስቸግርህ

የናፍጣ ታንክ ከሥሩ ጥቂት ቢሸና ደረቁን የልብስ ሳሙና በቀዳዳው ላይ አጥብቀህ እሸው። ሳሙና በውሃ እንጂ በናፍጣ አይሟሟም፤ ስለዚህ ለጊዜው ይይዛል። በዚህ ሥራ ላይ ሳለህ በአጠገብህ ሲጋራ የሚያጨስም፣ እሳት የሚያቀጣጥልም አይኑር።

ናፍጣ አልቆብህ ቆመህ ስትቀዳ ሞተሩ እምቢ ካለ፣ አየር ገብቶበታል። ቁልፍ እየደጋገምክ ባትሪህን አትጨርስ። ከፊልትሮው ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ብሎን ጥቂት አላላ፤ በእጅ የሚገፋውን ፖምፓ ደጋግመህ ጫን። መጀመሪያ አረፋ ይወጣል። አረፋው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ ሲፈስ፣ መግፋትህን ሳታቆም ብሎኑን አጥብቅ። ትዕግሥት ካለህ መኪናዋ ትነሳለች። ከመንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ ናፍጣ ገዝተህ ከሆነ ግን ሳታጠልል አትቅዳ፤ በውስጡ ያለው ውሃና ቆሻሻ ከዋጋው የበለጠ ያስወጣሃል።

7. በሽቦ የማይታሰሩ ሦስት ነገሮች

ፍሬን፣ መሪና የጎማ ዳዶ። እነዚህን ሦስቱን በመንገድ ብልሃት አትንካቸው።

የፍሬን ቱቦ ሲፈስ ቀጥቅጦ በማጠፍ አንዱን እግር ዘግቶ በሦስት እግር ፍሬን መሄድን እንደ ሙያ የሚያስተምሩህ ይኖራሉ። ሜዳ ላይ የሠራ መስሎ ይታያል። ጭነህ ቁልቁል ስትወርድ ግን የሦስቱ የፍሬን ሸራ ከአቅሙ በላይ ይግላል፤ የጋለ ሸራ አይዝም። የፍሬን ዘይት ሲጎድል ውሃ ወይም የሳሙና ውሃ የሚጨምሩም አሉ። ውሃው በሙቀት ይፈላል፣ እንፋሎት ይሆናል፣ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ይገባል። በዚያች ደቂቃ ከእጅህ የሚመጣ ብልሃት የለም። የፍሬን ዘይት ራሱ ከአየር እርጥበት እየሳበ ስለሚደክም ተከፍቶ የቆየውን አትጠቀም።

ጎማ ስትቀይር ዳዶዎቹን በየተራ ሳይሆን በመስቀለኛ አጥብቅ፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከሄድክ በኋላ ቆመህ እንደገና አጥብቃቸው። ከአንዱ እግር ዳዶ ጎድሎ ከሆነ በቀረው ብቻ ጭነህ አትሂድ። የመሪው መጋጠሚያ ተላልቶ በእጅህ ከተሰማህ እዚያው ቁም።

ቁልቁለት ስትወርድ ማርሽ አውጥተህ በዜሮ አትልቀቃት። ናፍጣ ቆጠብኩ ትላለህ፤ ሞተሩ የሚይዝልህን ኃይል ሁሉ ጥለህ ሸክሙን በፍሬን ላይ ብቻ ታደርጋለህ። በምትወጣበት ማርሽ ውረድ።

8. እሸት ቡናው ቢያጣድፍህም ነፍስ ይቅደም

ከሁሉ አብልጬ የምፈራልህ ጥድፊያውን ነው። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት። ካደረ ይሞቃል፣ ይብላላል፤ ጣቢያው ላይቀበለው፣ ቢቀበለውም ዋጋውን ሊጥለው ይችላል። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት ቡና ይሄዳል፤ ከጭነትህ ላይ ያለው የስንት ቤት ልፋት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ስለዚህ ማታ፣ ፍሬን ሲፈስ፣ ጭነቱ ሲሞቅ፣ ስልክህም ሲጮህ፣ «እስከ ጣቢያው ብቻ» የሚል ሐሳብ ይመጣብሃል። ያን ጊዜ የነገርኩህን አስብ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የመኪና ጥድፊያ ግን የሚያፈሰው መልሶ የማይለቀም ነው።

ሌላ መንገድ አለ። ገና ስትቆም ወደ ጣቢያው ደውልና የት እንዳለህ፣ ስንት ጆንያ እንደያዝክ ንገራቸው፤ ሌላ መኪና ወይም ፒክአፕ ይላኩ። እስኪደርስ የጭነቱን ሸራ ግለጥ፣ ጆንያዎቹን ከተደራረቡበት አውርደህ በጥላ ሥር ለየብቻ አቁማቸው፣ አፋቸውን ክፈት። ንፋስ ያገኘ ቡና ቶሎ አይሞቅም። ፀሐይ ካለ የኮባ ቅጠል ከባለ ማሳው ለምነህ አልብሳቸው። የአገሩ ሰው አህያም ሞተርም አለው፤ ጣቢያው ቅርብ ከሆነ በየጥቂቱ ይደርሳል። ቡናው በሌላ መኪና ይሄዳል፤ የሰው ሕይወት ግን ወደ ሌላ አይገለበጥም። በአገራችን በየዓመቱ ሺዎች በመኪና አደጋ ያልቃሉ። ከእነዚህ መሐል ነጂው አስቀድሞ የሚያውቀው፣ ግን «ዛሬን ትለፍ» ያለው ጉድለት የገደላቸው አሉ።

9. ደብተር ያዝ

የመንገድ ጥገና ትልቁ አደጋ መሥራቱ ነው። ላስቲኩ ይይዛል፣ ሽቦው አይበጠስም፣ አንተም ትረሳዋለህ። ሳምንት አልፎ ወር ይሆናል፤ ከዚያ ጊዜያዊው ጥገና የመኪናዋ አካል ይሆናል። በላዩም ሌላ ጥገና ይደረብበታል። አንድ ቀን ሁሉም ባንድነት ይለቃል።

ስለዚህ ትንሽ ደብተር በኪስህ ያዝ። ላስቲክ በጠቀለልክ፣ ሽቦ ባሰርክ፣ ሳሙና በቀባህ ቁጥር ሦስት ነገር ጻፍ፦ ምን እንደተበላሸ፣ በምን እንደጠገንከው፣ የትኛው ከተማ ላይ እንደሚቀየር። ወናጎ ላይ የሚገኝ ዕቃ ከሆነ ወናጎ በል፤ ዲላ ወይም ሀዋሳ የሚያስኬድ ከሆነ እንዲሁ። ሲቀየር ሰርዘው። ያልተሰረዘ መስመር ካለ አዲስ ጭነት አትቀበል። አበው ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ያሉት ለዚህም ይሆናል።

10. ለባለ መኪናው እውነቱን ንገረው

ባለ መኪናው ሁሉ ክፉ አይደለም። ብድር አለበት፣ የቡና ወቅት አጭር ነው፣ ዕቃ ውድ ነው። አንዳንዱ ግን «ትንሽ ሂድባት» ይልሃል። ያን ጊዜ አትቆጣ፤ ደብተርህን አሳየው። ያረጀውን የፍሬን ሸራ ከመኪናው አውጥተህ በእጁ አስይዘው፤ በዓይኑ ያየ ሰው ቶሎ ይረዳል። ሦስቱን፣ ፍሬንና መሪን፣ የጎማ ዳዶንም፣ የሚመለከት ከሆነ ግን «አልነዳም» በል፤ ይህንንም ሰው ባለበት ተናገር። ሥራህን ልታጣ ትችላለህ፤ ቀላል ነገር ነው አልልህም። ቤት እንዳለህ፣ እናትህም እንደምትጠብቅህ አውቃለሁ። ሆኖም አደጋ የደረሰ ዕለት ሕግ ፊት የሚቆመው መሪ የያዘው ነው፤ እስከ ዕድሜው መጨረሻ የሚሸከመውም እሱ ነው። ደህና ሾፌር ሥራ አጥቶ አይቀርም።

11. የመንገዱን ሰው አክብር

በጌዴኦ ምድር መኪና ስትቆም ብቻህን አትቀርም። ከእንሰቱና ከቡናው ሥር ሰው ይወጣል፤ የሚገፋ፣ ውሃ የሚያመጣ፣ መንገድ የሚያሳይ። ይህ ሕዝብ ቡናን፣ እንሰትንና ዛፍን አስማምቶ ያኖረ ነው፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ታኮ አጣሁ ብለህ የሰው አጥር አትንቀል፤ ለምልክት ብለህ የቡና ቅርንጫፍ አትገንጥል፤ ያረጀ ዘይትህን ወደ ማሳና ወደ ወንዝ አታፍስስ። ያ ወንዝ ቡናው የሚታጠብበት፣ ሰዉም የሚጠጣው ነው። ዘይቱን በጀሪካን ይዘህ ጋራዥ አድርስ። የገፉህን ልጆች ድካማቸውን ክፈል፤ አትከራከራቸው። የጌዴኡፋ ሰላምታ ካላወቅህ ተማር፤ አባቶች በቋንቋቸው ሰላም ሲሉህ በቋንቋቸው መልስ። አንተም ሌላ ሾፌር ቆሞ ካየህ ዝቅ ብለህ ጠይቅ። የጎደለው አንድ ቁልፍ ወይም አንድ ጀሪካን ውሃ ሊሆን ይችላል።

12. ረዳትህን አስተምር

ረዳትህ የነገ ሾፌር ነው። ታኮ እየወረወርክለት ብቻ አታሳድገው። ቱቦ ስትጠቀልል አጠገብህ ቁጭ ብሎ ላስቲኩን ይሳብ፤ አየር ስታስወጣ ፖምፓውን እሱ ይግፋ። ስትጨርስ ለምን እንዲህ እንዳደረግህ ንገረው። ከሁሉ በላይ፣ ያልሆነውን «ይሆናል» ብለህ ስትሄድ እንዳያይህ ተጠንቀቅ፤ ልጅ የሚማረው ከምትለው ይልቅ ከምታደርገው ነው። ፍሬን ስለፈሰሰ ጭነት ያወረደ ሾፌር ያየ ረዳት፣ ነገ እሱም ያወርዳል። በዚህ መስመር ላይ ሰው እንዲተርፍ ከተፈለገ ትምህርቱ እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፍ አለበት።

ልጄ፣ ብልሃተኛ መሆንህን ማንም አይጠላም፤ በሽቦና በላስቲክ መኪና የሚያስነሳ ሾፌር በዚህ አገር ይወደዳል። አንተ ግን የጠገንከውን አስታውሰህ በጊዜው የምትቀይር ሁን። ጥቅምት ሲገባ መጀመሪያ ዲላ ጋራዥ ግባና የፍሬን ሸራውን አስፈትሽ፤ ከዚያ ወደ ዱመርሶ ውጣ። መንገድህ ይቅና፤ ጭነህ የሄድከውን ሁሉ በደህና ያድርስልህ።